እናቴን ያነሳት ወለል

ጫማ ሻጭ ነኝ። ከሰው ጋር ስገናኝ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ የሥራ አመል ነው። በዝናብ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆሜ የዲላን ቁልቁለት የሚወርደውን ሰው ሶል እያየሁ ማን እንደሚንሸራተት፣ ማን በሰላም ቤቱ እንደሚደርስ እገምታለሁ፤ ብዙም አልሳሳት። እግርና መሬት እንዴት እንደሚገፋፉ ግን እናቴ እስክትወድቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን አንዴ ከጀመርኩ ማን ያስቆመኛል? ደንበኞቼ ‹‹ፊዚክሱን ተይውና ቁጥር አርባን አምጪ›› ይሉኛል።

እናቴ የወደቀችው በገዛ ግቢዋ በር ላይ ነው። የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ ቀዩ ጭቃ ቅቤ ሆኖ ነበር። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣ ስትል እግሯ ወደ ፊት ሄደ፣ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። የግራ ጭኗ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት፣ ከወራት በኋላ ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ‹‹አጥንቱ ገጥሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ ይርገጡበት›› አላት። በእልልታ ወደ ቤት መለስናት። እናቴ ግን አልቆመችም።

ማለቴ ብቻዋን አልቆመችም። ሰው ሲያነሳት ትቆማለች። ሰው ደግሞ በእኛ ሰፈር ጠፍቶ አያውቅም። የዕድሩ ሰው፣ የጽዋ ማኅበርተኞቿ፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት፣ ሁሉም በየተራ ይመጣሉ። የገባ ሁሉ መጀመሪያ ‹‹እግዜር ይማርሽ›› ይላል። ቀጥሎ ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ይላል። ከዚያ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ብብቷ ሥር ይገባና ‹‹አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ›› እያሉ ብድግ ያደርጓታል። ከሁሉ ቀድሜ የምገኘው ደግሞ እኔ ነኝ። እናቴ ተረቱ ሰልችቷት አንድ ቀን ‹‹እንቁላሉ እኮ ጭኑን አልተሰበረም›› አለቻቸው።

ታላቅ ወንድሜ ሐዋሳ ነው የሚኖረው። ማታ ማታ ይደውላል። ‹‹አንቺ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነሽ፤ ሽንት ቤት ማን ይወስዳታል? ብትወድቅስ?›› ይለኛል። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረኝ። መስቀል ካለፈ በኋላ ይመጣል፤ ማንም ሳይነካት ከወንበሯ ተነስታ በእግሯ ቆማ ካያት ይተዋታል፤ አለዚያ ይዟት ይሄዳል፣ ቤቱም ይሸጣል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያንን ግድግዳ እሷና አባቴ ጭቃ አቡክተው ነው የመረጉት። ‹‹ሐዋሳ ጥሩ ከተማ ነው›› አለች ቆይታ፣ ‹‹ግን የማንን ግድግዳ እያየሁ ነው የምሞተው?›› እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

በዚህ መሀል ነው የጎረቤታችን ተከራይ የመጣው። ከጎጃም መጥቶ እዚህ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ እናቴ ‹‹የእግር ሐኪሙ›› ትለዋለች። አንድ ቅዳሜ እንደ ጎረቤት ሊጠይቃት ገባ፤ እኛ ደግሞ ልናነሳት ስንዘጋጅ ደረሰ። ‹‹ቆይ፣ ቆይ›› አለና ሮጦ ሄዶ ጠፍጣፋ የሰው ሚዛን ይዞ መጣ። የእናቴን የግራ እግር ሚዛኑ ላይ፣ ቀኙን ወለሉ ላይ አኖረ።

‹‹በሉ እንደ ሁልጊዜው አንሷቸው›› አለን። እኔና አንዲት ጎረቤት አነሳናት። እሱ ቁጢጥ ብሎ ሚዛኑን አነበበና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

‹‹እማማ፣ በዚህ እግርዎ የረገጡት የአንዲት ዶሮ ያህል ነው።››

‹‹የአበሻ ነው የፈረንጅ ዶሮ?›› አለችው እናቴ።

ከዚያ ሚዛኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁበት፤ ስንት እንዳሳየ አልናገርም። ቀጥሎ እዚያው ላይ ቆሜ እናቴን እንዳነሳት አዘዘኝ። ሳነሳት ቁጥሩ ሽቅብ ሮጠ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ አውርጄ ደግሜ አነሳኋት፣ ደግሞ ሮጠ።

‹‹አየሽ እህቴ›› አለኝ፣ ‹‹የእናትሽ ክብደት መሬት የሚደርሰው በአንቺ እግር በኩል ነው። ስለዚህ ወለሉ ወደ ላይ የሚገፋው አንቺን ነው። እሳቸው ወለሉን አልገፉትም፤ ያልተገፋ ወለል ደግሞ መልሶ አይገፋም።››

‹‹ወለል ይገፋል እንዴ?›› አልኩት።

‹‹ዝለይ እስቲ›› አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ዘለልኩ። ‹‹ከመዝለልሽ በፊት ምን አደረግሽ? ጉልበትሽን አጠፍሽና ወለሉን ቁልቁል ገፋሽው። ሽቅብ የወረወረሽ ማን ነው? በአየር ላይ የያዝሽው ነገር አለ?›› አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ከወለሉ ሌላ የነካኝ ነገር የለም። ስራመድም እንደዚያው ነው አለኝ፤ እግሬ መሬትን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬት እኔን ወደ ፊት ትገፋኛለች፣ ልክ በገፋኋት መጠን። ጭቃ ላይ ግን እግራችን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ጥቂት ብቻ ነው መግፋት የምንችለው፣ የሚመለስልንም ያችው ጥቂት ናት። እናቴ በሩ ላይ የወደቀችው በዚህ ነው።

እኔ ግን ዝም ብዬ የምቀበል ሴት አይደለሁም። ‹‹ሁለቱ ግፊቶች እኩል ከሆኑ ለምን አይጣፉም? እኔ ገፋሁ፣ መሬትም ገፋች፣ ማንም መንቀሳቀስ አልነበረበትም›› ብዬ ያዝኩት። ‹‹አንቺ ጎረቤትሽን ብትሰድቢ፣ እሷም ያንኑ ስድብ ብትመልስልሽ፣ ስድቡ እኩል ስለሆነ ተጣፋ?›› አለኝ። ‹‹አንዱ ያረፈው እሷ ላይ ነው፣ አንዱ አንቺ ላይ። ሁለታችሁም ተሰድባችኋል።›› ከጎኔ የነበረችው ጎረቤት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ገብቶኝ ነበር። ‹‹እና መሬት ለምን አትሄድም?›› አልኩት። ‹‹ትሄዳለች፤ ግዙፍ ስለሆነች ግን አይታወቃትም›› አለኝ። በዚያ ቀን ከቤት ወደ ሱቅ ስሄድ መሬትን በእግሬ ወደ ኋላ እየገፋኋት እንደሆነ እያሰብኩ ነበር፤ ሰላምታ የሰጡኝን ሰዎች እንኳ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ይታየኝ ጀመር። ባጃጅ ጭቃ ላይ ጎማው ሲሽከረከርና ጭቃው ወደ ኋላ ሲረጭ ቆሜ እመለከታለሁ። ጋሪ ገፊው ዳገቱ ላይ ተረከዙን አንስቶ በጣቶቹ መሬትን ሲጭን እመለከታለሁ። በቡና ጊዜ ቦት ጫማ ልሸጥ ኮንጋ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ስወርድ፣ በሲሚንቶው ቦይ ውስጥ ውኃው እየወረደባቸው ቡናውን በእንጨት መግፊያ ሽቅብ የሚገፉትን ሠራተኞች ለዓመታት አይቻቸዋለሁ። ለምን ያን ያህል ወደ ፊት ጋደል እንደሚሉ፣ ለምን ሶሉ ያለቀበት ሰው ቡናውን ገፍቶ ራሱ ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት፣ ለምን አዲስ ቦት ጫማ ለመግዛት እንደሚሻሙብኝ አሁን ነው የገባኝ። ስንት ዓመት ሶል ሸጥኩ፤ የሸጥኩት ግን ለካ መሬትን መግፊያ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እናቴ ላይ ግን ደስታዬ አልሠራም። የእግር ሐኪሙ የምትቀመጥበትን ሶፋ አስወጥቶ በእንጨት ወንበር አስቀመጣት። ‹‹እግርዎን ወደ ወንበሩ ይሰብስቡ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ አፍንጫዎ ከጣቶችዎ በላይ ይድረስ፣ ከዚያ ወለሉን ይግፉት›› ይላታል። እናቴ ደግሞ ጎንበስ ማለቱን ትፈራለች። ወደ ፊት የምትደፋ ይመስላታል። ወደ ኋላ ትለጠጥና ሁለት እጇን ወደ እኔ ትዘረጋለች፤ ‹‹ሳቢኝ›› ትለኛለች። አለመሳብ እንዴት ከባድ ነው! ከሱቅ ያለኝን የማይንሸራተት ጫማ ሁሉ ተሸክሜ መጥቼ እግሯ ሥር ደረደርኩት። አንዱን መረጠች፣ አደረገችው፣ ‹‹ይመቻል›› አለች፣ አልተነሳችም።

ጠያቂዎቹንም መከልከል ነበረብኝ። በር ላይ ቆሜ ‹‹እናቴን ያነሳ ሰው ሻይ አይጠጣም›› ብዬ አወጅኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ዘወር ብዬ ሳልጨርስ አንዷ በብብቷ ሥር ስትገባ ያዝኳትና ጮህኩባት። ተቀየመች። ሰፈሩ ማማት ጀመረ፤ ‹‹ልጅቷ ጨከነችባት፣ ከሐዋሳው ወንድሟ ጋር ተማክራለች፣ ቤቱን ፈልገው ነው›› ተባለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ የእኛ ድር ያሰረው ግን እናቴን ነበር፣ ያውም ከፍቅር ብዛት። ይህን ለማን ላስረዳ? መስቀልም እየደረሰ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ በር ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ከሱቅ ያመጣሁትን ጭቃ የነካ ጫማ አጥባለሁ። እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው። የውጭው በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት ገቡ። የቡሌ ሰው ናቸው፣ ጌዲኦ፤ ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ቆጮ ሲሸጡላት ነው፣ እኔ ሳልወለድ። ከዚያ በኋላ ደንበኝነቱ ቀርቶ እህትማማች ሆኑ። ከእናቴ በብዙ ዓመት ይበልጣሉ፤ እናቴ ‹‹እትዬ›› ትላቸዋለች። ዝናቡ የቡሌን መንገድ አበላሽቶት ስለነበር መውደቋን የሰሙት ዘግይተው ነው። እኔን በእጃቸው ሰላም ብለው አለፉና በሩ ላይ ቆሙ።

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ‹‹ኖር›› አለች፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምትለው። ይህን እያለችም ጎንበስ አለች። ሁለቱም እግሮቿ ወንበሩ ሥር ተሰበሰቡ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ አረፉ፣ መቀመጫዋ ከወንበሩ ተላቀቀ። ተነሳች። ማንም አልነካትም፣ ማንም አጠገቧ የለም። እናቴ በእንጨቱ ወንበርና በጠረጴዛው መካከል ለብቻዋ ቆማለች።

ሮጬ ልይዛት ብድግ አልኩ፤ አሮጊቷ ወደ ኋላቸው ሳያዩ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። እስከዚያ ቀን ‹‹ኖር›› የተባለ ጠያቂ ሁሉ ‹‹በሞቴ፣ አትነሺ›› ይላት ነበር። እሳቸው አላሏትም። በዕድሜ ታላቋ ናቸው፣ ክብሩ ይገባቸዋል፣ ክብሩንም ሳይቸኩሉ ተቀበሉ። ‹‹በእግዜር›› አሉ ረጋ ብለው። ከዚያ እየተራመዱ መጥተው ጉንጯን ሳሟት፣ ደግመው ሳሟት፣ ‹‹አንተን ማን ጎዳብኝ?›› አሏት። እኛን ሁላችንን ሴቱንም ወንዱንም ‹‹አንተ›› ነው የሚሉን፤ ለምደነዋል። እናቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ነው መቆሟን ያወቀችው። ወደ እግሯ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ‹‹አንቺ ልጅ፣ ቆሜያለሁ እኮ›› አለችኝ። እኔ አረፋ በነካው እጄ ፊቴን ይዤ ነበርና ዓይኔን አቃጠለኝ።

የእግር ሐኪሙን ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኩት። ‹‹ጎንበስ አለች?›› አለኝ መጀመሪያ። አዎ፣ ለአክብሮት ስትነሳ ጎንበስ ነው የምትለው፤ ጎንበስ ስትል ክብደቷ ሁሉ ወደ እግሯ መጣ፣ እግሯ ወለሉን ገፋው፣ ወለሉም አነሳት። እሱ ለሳምንታት ሲያስተምራት የነበረውን ነገር ሰውነቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል። መንገድ መሀል ቆሞ ሳቀ። ‹‹በል ታዲያ መድኃኒቱን ጻፍልኝ›› አልኩት። ‹‹በቀን ሦስት ሽማግሌ፣ ከምግብ በፊት›› አለኝ።

እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን ከምሬ ወሰድኩት። ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ፍለጋ ሰፈሩን አሰስኩ። የንስሐ አባቷን ለመንኩ፣ ጡረታ የወጡትን መምህር ለመንኩ፣ የባለሱቁን እናት በባጃጅ አመጣሁ። ሁሉንም በር ላይ አስቁሜ ‹‹ኖር ስትል ‹በእግዜር› ብቻ በሉ፣ ‹አትነሺ› እንዳትሉ፣ አፈር ስሆን›› እያልኩ አስጠናሁ። አንድ ሽማግሌ ‹‹ልጄ፣ መቼም ሰው ሲከበር አይጠላም›› ብለው በቀን ሁለቴ ይመጡ ጀመር። የተቀየመችኝ ጎረቤት እንኳ ‹‹የእኔ አማት ከሁሉ ታረጃለች›› ብላ አማቷን ይዛ መጣች፤ በዚያው ታረቅን። እናቴ ነገሩ ስለገባት ‹‹ዛሬ ደግሞ ማንን ሰብስበሽ አመጣሽ?›› ትለኛለች፣ ግን ትነሳለች። በየቀኑ የምትቆምበት ጊዜ ረዘመ። እኔ ከደስታ ብዛት ሱቅ ውስጥ ለብቻዬ እስቃለሁ።

የመስቀል ሳምንት እንዳለፈ ወንድሜ መጣ። ሚኒባስ ተከራይቶ ከኋላ ፍራሽ አንጥፎበታል፣ ትራስ ሳይቀር። ሐዋሳ ክፍሏን ቀለም አስቀብቶ እንደጨረሰ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነገረኝ። እኔ ‹‹ግባ፣ ታያለህ›› አልኩት፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ቆምኩ። እሱ ልጇ ነው። ለልጅ ማን ይነሳል? ለዓለም ሁሉ ‹‹ኖር›› ብላ ብትነሳ እንኳ፣ እሷ ለወለደችው አትነሳም፤ ደንቡም አይፈቅድ፣ ሰውነቷም አያውቀው። ያን ሁሉ ሽማግሌ ስሰበስብ ይህን እንዴት አላሰብኩም።

ወንድሜ ገባ። እናቴ ተቀምጣለች። አያት፣ ፊቱ ጠቆረ። ‹‹እማዬ፣ አይዞሽ›› አለና ቀጥ ብሎ ሄዶ ሁለት እጁን በብብቷ ሥር አስገባ፤ የእኛ ሰው አይደል፣ ምን ያድርግ።

‹‹እጅህን አንሳ›› አለችው።

‹‹ትወድቂያለሽ።››

‹‹አንሳ ብዬሃለሁ።››

አነሳ። እኔ እጄን ጀርባዬ ላይ አጣምሬ ጣቶቼን ጨበጥኩ። እናቴ እግሮቿን ወደ ወንበሩ ሰበሰበች። ጎንበስ አለች፣ ገፋች፣ ከወንበሩ ስንዝር ያህል ተነሳችና ጓ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ በዓይኑ ‹‹በቃ›› እያለኝ ነው። እሷ አላየችውም። ወደ ወለሉ ነው የምታየው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ይሁን የእግር ሐኪሙን ቃል እየደገመች አላውቅም። እንደገና ጎንበስ አለች፣ አሁን ከመጀመሪያው አብልጣ፣ የነጠላዋ ጫፍ መሬት እስኪነካ። የምትደፋ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። የሁለቱም ጫማዎቿ ሶል ሲጨፈለቅ አየሁ፣ የግራውም እንደ ቀኙ። ለማንም ሳትል፣ ለራሷ፣ ተነሳች። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው።

ወንድሜ ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ ቀኙን፣ ከዚያ በተሰበረው እግሯ በኩል ያለውን ግራውን፣ እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ጉልበቷን የሳመን ልጅ እናት ዝም ብላ አታየውም፤ ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች። እናቴም ጎንበስ አለች። ‹‹ኧረ›› ልል ስል ሁለት ትከሻውን ይዛ ሳበችው። ወንድሜ ግዙፍ ሰው ነው፤ ለአንድ አፍታ የእሷም የእሱም ክብደት በእሷ እግሮች ላይ ብቻ ነበር። ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ አልታጠፈም። አነሳችው። ፊት ለፊት ቆሙ፣ እጇ ትከሻው ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደደገፈ መለየት አልቻልኩም።

‹‹ከብደሃል›› አለችው። ‹‹በል ሹፌሩን ጥራው፣ ምሳ ይብላ። ያን ፍራሽም አውርደው፤ አንተ ትተኛበታለህ።››

‹‹እሺ እማዬ›› አለና ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ፍራሹን ሊያወርድ ወጣ።